ጉርድ ፎቶግራፍ፦ ከፓሪስ ፖሊስ መዝገብ እስከ ሚዛን ተፈሪ ኬላ

ከጅማ በቦንጋ አድርጎ ወደ ሚዛን ተፈሪ፣ ከዚያም ወደ ቴፒ በአውቶቡስ የተጓዘ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። አውቶቡሱ ኬላ ላይ ይቆማል። ረዳቱ “መታወቂያ! መታወቂያ!” እያለ ይጣራል። ተሳፋሪው ወርዶ ይሰለፋል። ፈታሹ ካርዱን ተቀብሎ መጀመሪያ ጉርድ ፎቶግራፉን፣ ቀጥሎ የባለቤቱን ፊት፣ ከዚያም እንደገና ፎቶግራፉን ያያል። ነገሩ ሁለት ሦስት ሰከንድ ቢፈጅ ነው። በዚያች ቅጽበት ግን ምንም ያላጠፋ ሰው እንኳ ይደነግጣል፤ ራሱን ለመምሰል ይሞክራል።

ይህ ጸሐፊ በዚያ መንገድ በተመላለሰ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመላለስበት ነበር። ፊትን ከወረቀት ጋር ማመሳከርን ማን ጀመረው? ለምንስ ጀመረው? መልሱን ስንፈልግ ከቡና አገር ጫካ ተነሥተን ሩቅ መሄድ ሊኖርብን ነው፤ ዞረን ግን እዚያው ኬላ ላይ እንመለሳለን። ውድ አንባቢያን፣ የዚህች ሦስት ጣት የማትሞላ ፎቶግራፍ ታሪክ ሌባንና ነፍሰ ገዳይን የመያዝ ታሪክ ብቻ አይደለም። ገና ከጅምሩ፣ መንግሥት በአስተሳሰባቸው የሚፈራቸውን ሰዎች የማደን ታሪክም ነው።

ነገሩ የተጀመረው በፓሪስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1871 የፓሪስ ሠራተኞች ከተማዋን ይዘው “ኮምዩን” የተባለውን አስተዳደር ሲያቆሙ ታጋዮቹ በየመንገዱ ምሽግ ላይ ቆመው፣ የቫንዶም አደባባይን ሐውልት ጥለው ከፍርስራሹ ጎን ተሰልፈው በኩራት ፎቶግራፍ ይነሡ ነበር። ኮምዩኑ በደም ሲሰጥም እነዚያው ፎቶግራፎች በፖሊስ እጅ ገቡ። ሰዎቹ ለመታሰቢያ የተነሡት ሥዕል የክስ ማስረጃ ሆነባቸው። የተማረኩትም በቬርሳይ እስር ቤቶች ውስጥ በተራ እየተጠሩ ካሜራ ፊት ቆሙ። ፎቶግራፍ ለሚነሣው ሰው ሳይሆን መዝገቡን ለያዘው እጅ እንደሚያድር ዓለም በሰፊው ያየው ያኔ ነው።

ይሁን እንጂ ፖሊስ ብዙም ሳይቆይ አንድ ችግር ገጠመው። ፎቶግራፉ በዛ፤ በሺህ የሚቆጠር ሥዕል ተከመረ። ስሙን የቀየረ ሰው ሲያዝ ከዚያ ሁሉ ክምር ውስጥ የራሱን ሥዕል ማን ፈልጎ ያገኛል? እንቆቅልሹን የፈታው እ.ኤ.አ. በ1879 በፓሪስ ፖሊስ መሥሪያ ቤት በተራ ጸሐፊነት የተቀጠረው አልፎንስ በርቲዮን ነው። አባቱ የሰውን ልጅ አካል በቁጥር የሚያጠና ምሁር ነበር፤ ልጁ የአባቱን መለኪያ ወደ ፖሊስ ቢሮ ወሰደው። የራስ ቅል ርዝመትና ስፋት፣ የመሃል ጣት፣ የእግር መዳፍ፣ ክንድ፣ ሁሉም በሚሊ ሜትር ይለካል። ፊት ለፊትና በጎን የተነሣ ፎቶግራፍ ይለጠፋል። ካርዱ የሚቀመጠው እንደ ስሙ ፊደል ሳይሆን እንደ ልኬቱ ነው። ሰው ስሙን ይለውጣል፤ አጥንቱን ግን አይለውጥም።

ዘዴው በመላው ዓለም ስሙ የተጠራው በፖለቲካ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 የዳኞችን መኖሪያ በድማሚት ያፈረሰው ራቫሾል የተባለው አናርኪስት ሲያዝ፣ በርቲዮን ለክቶት ቀደም ሲል በሌላ ከተማ በሌላ ስም ታስሮ የተለካ ሰው መሆኑን አረጋገጠ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ በፈረንሳይ አናርኪስት ተብሎ የተጠረጠረ ሁሉ እየታፈሰ ካሜራ ፊት ይቀመጥ ጀመር። ከተነሡት መካከል ፌሊክስ ፌኔዮን የተባለው የሥነ ጥበብ ሐያሲ ይገኝበታል። ፍርድ ቤት በነፃ አሰናበተው፤ ፎቶግራፉን ግን አላሰናበተውም። ያ ሥዕል ዛሬም በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ከሌሎቹ ተጠርጣሪዎች ሥዕል ጋር ተቀምጧል። “ሳይንስ ነው” የተባለው ነገር ራሱ ከስህተት የጸዳ እንዳልነበረ ደግሞ በዚያው እ.ኤ.አ. በ1894 ታየ። በርቲዮን የእጅ ጽሕፈት መርማሪ ሆኖ ቀርቦ፣ ንጹሑን የጦር መኮንን አልፍሬድ ድሬፉስን የጥፋተኛነት ማቅ ካለበሱት ሰዎች አንዱ ሆነ።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ታሪኩ ወደ ቤታችን የሚቀርበው ከዚህ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1894 የኢጣሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ፍራንቼስኮ ክሪስፒ ነው። በዚያ ዓመት መጀመሪያ በሲሲሊ የተነሣውን የገበሬዎችና የሠራተኞች ንቅናቄ በጦር ኃይል ደመሰሰ። ወዲያውም መንግሥቱ በሮም አንድ ማዕከላዊ የፖለቲካ መዝገብ ቤት አቋቋመ። ሶሻሊስቱ፣ አናርኪስቱ፣ ሪፐብሊካኑ ሁሉ የየራሱ ፋይል ተከፈተለት፤ ፋይሉም ፎቶግራፉን፣ የመልኩን ዝርዝር፣ የኑሮውን ታሪክ፣ የሚሄድበትን ስፍራ የያዘ ነበር። ይኸው ክሪስፒ ነው እንግዲህ ከሁለት ዓመት በኋላ ባራቲየሪን እየጎተጎተ ወደ ዓድዋ የገፋው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ጦሩ ተሰበረ፤ ክሪስፒም ከሥልጣን ወረደ። መዝገብ ቤቱ ግን አልወረደም። ፋሽስቶች ሲመጡ ያገኙት የተደራጀ ነገር ነበር፤ አስፋፉት እንጂ አልፈጠሩትም። ዛሬ በሮም በኢጣሊያ መንግሥት ማዕከላዊ ቤተ መዛግብት የሚገኙት የዚህ መዝገብ ፋይሎች ከ150 ሺህ በላይ ናቸው። ዓድዋ ላይ ያሸነፍነው የክሪስፒን መድፍ ነው። ወረቀቱ ከ40 ዓመት በኋላ ተከትሎን መጣ።

በእኛ አገር እስከዚያ ዘመን ድረስ ሰውን የመለየት ሥራ የጎረቤት ሥራ ነበር። ወንጀል ሲፈጸም አገሬው ተሰብስቦ አውጫጭኝ ይቀመጣል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ጉዳዩ አይሄድም። ሌባሻይ የሚሉትም ነበር፤ መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ደጅ የሌባ ደጅ ነው ይባል ነበር። በሁለቱም ብዙ ግፍ ተፈጽሟል። ነገር ግን ሁለቱም ከአጥቢያው አያልፉም ነበር። ወንዝ ተሻግሮ የሄደ ሰው ፊቱ እንግዳ ፊት ነው፤ “ከየት መጣህ? የማን ልጅ ነህ?” ተብሎ ራሱ የሚሰጠው መልስ ነው መታወቂያው። ካሜራም ቢሆን በአገራችን ቀድሞ የገባው እስር ቤት ሳይሆን ቤተ መንግሥት ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹ ያነሡ የነበረው ነገሥታቱንና መኳንንቱን ነው። ፎቶግራፍ መነሣት የክብር ምልክት ነበር።

በደቡብ ምዕራቡ ግን ካሜራው ሌላ ጠባይ ነበረው። የከፋ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1897 ወድቆ ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ ከተማረከ በኋላ፣ ጊሚራና ማጂ በዘመቻና በባሪያ ፍንገላ ተራቆቱ። እ.ኤ.አ. በ1905 ከፋ የገባው ኦስትሪያዊው ፍሪድሪኽ ቢበር አገሩንና ሰዉን እያጠና ፎቶግራፍ አነሣ፤ በኋላም ስለ ከፋ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ደግሞ ሊዲዮ ቺፕሪያኒን የመሰሉ “የዘር ተመራማሪዎች” ካሜራና መለኪያ ይዘው አፍሪካን ዞሩ። ቺፕሪያኒ እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣውን የፋሽስቶች የዘር ማኒፌስቶ ከፈረሙት አንዱ ነው። የአንትሮፖሎጂስቱ መለኪያና የበርቲዮን መለኪያ ከአንድ ሳጥን የወጡ ናቸው። ልዩነታቸው አንድ ነው፤ በፓሪስና በሮም ፊቱ ከስሙ ጋር ይመዘገባል፤ በቅኝ ግዛት ግን ፊቱ ይመዘገብና ስሙ ይቀራል። አንዱ “ተጠርጣሪ”፣ ሌላው “ዓይነት” ይባላል።

የክሪስፒ መዝገብና ደቡብ ምዕራቡ የተገናኙት በ1929 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከተሰደዱ በኋላ ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ በምዕራብ ኢትዮጵያ ትግሉን እንዲመሩ ሆነ። ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ መኮንኖችና በውጭ አገር የተማሩ ወጣቶች ያቋቋሙት ጥቁር አንበሳም ከእርሳቸው ጋር ተሰለፈ። በስተ ደቡብ ወደ ከፋ ሲያፈገፍጉ በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበቡ፤ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ራስ እምሩ እጃቸውን ሰጡ። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ የካቲት 12 ደረሰ። በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የጠላት ዓይን በተለይ የወደቀው በተማረው ወጣት ላይ ነው። የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ዮሴፍና ቢንያም፣ ከጥቁር አንበሳ ጋር በምዕራብ የታገሉት፣ ከተገደሉት መካከል ናቸው። እነዚህን ወጣቶች ለመለየት የራስ ቅል መለካት አላስፈለገም። በትንሽ አገር ጥቂት የተማረ ሰው ይታወቃል፤ በፓሪስም በለንደንም መማር ብቻውን እንደ ምልክት ተቆጠረባቸው።

ራስ እምሩ ወደ ኢጣሊያ ተወስደው ፖንዛ በምትባል ደሴት ታሰሩ። ፖንዛ ፋሽስቱ መንግሥት የራሱን ተቃዋሚዎች፣ እነዚያን በሮም ፋይልና ፎቶግራፍ ያላቸውን ሰዎች፣ የሚያግዝባት ደሴት ነበረች። ሳንድሮ ፔርቲኒ፣ በኋላ የኢጣሊያ ፕሬዚዳንት የሆነው፣ በዚያች ደሴት ግዞተኛ ነበር። የከፋ ጫካ ምርኮኛና የኢጣሊያ ሶሻሊስት በአንድ መዝገብ አሳዳሪ እጅ ወደቁ። እ.ኤ.አ. በ1943 ሙሶሊኒ ራሱ ከሥልጣን ወርዶ ወደ ፖንዛ በተወሰደ ጊዜ ያስቀመጡት ራስ እምሩ በነበሩበት ቤት ነው ይባላል። ታሪክ እንዲህ ያለ ቀልድ አታጣም።

የተገላቢጦሹም አለ። ኢሊዮ ባሮንቲኒ የሊቮርኖ ኮሚኒስት ነው፤ የፋሽስት ፖሊስ ለዓመታት የሚፈልገው፣ በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት የተዋጋ ሰው። ከእ.ኤ.አ. 1938 መጨረሻ ጀምሮ ጎጃም ገብቶ ከአርበኞች ጋር ኖረ፤ ውጊያ አሠለጠነ፤ በአማርኛና በጣሊያንኛ የሚወጣ የአርበኞች ጋዜጣም አዘጋጀ። “ጳውሎስ” የሚል ስም ይዞ ነበር። ፊቱ በሮም መዝገብ የተመዘገበው ሰው ማንም ካርድ በማይጠይቅበት የጎጃም ገበሬ መካከል ተሰወረ። የሮም መዝገብ እስከ ጎጃም ቆላ አልደረሰም።

ወራሪዎቹ ፎቶግራፍ የሚያነሡት ለመዝገብ ብቻ አልነበረም። ወታደሮቹ ከተሰቀሉና ከተቀሉ አርበኞች አጠገብ ቆመው እየተነሡ ሥዕሉን ለመታሰቢያ ይዘው ይዞሩ ነበር። ከነጻነት በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ክሱን ሲያቀርብና ለዓለም ሲያሳውቅ ከጠላት ቴሌግራሞች ጋር እነዚህን ፎቶግራፎች አሳተመ። እንደ ፓሪስ ኮምዩን ታጋዮች ሁሉ፣ ለኩራት የተነሡት ሥዕል መልሶ መሰከረባቸው። ይሁን እንጂ ባዶሊዮም ግራዚያኒም ለኢትዮጵያ ደም ፍርድ ቤት አልቆሙም። ማስረጃ ብቻውን ፍርድ አይሆንም።

አሁን ወደ ራሳችን ኃጢአት እንምጣ። ፎቶግራፍንና ፖሊስን በኢትዮጵያ በሰፊው ያጋባው ኢጣሊያ አይደለም፤ ደርግ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ለሕዝብ ሆነ። በከፋ የቡና መሬት ላይ በሩቅ ሆነው ይገዙ የነበሩ ባለርስቶች ተነቀሉ። የዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተሰማሩ፤ በጅማ በኩል ዘማቾችና ባለሥልጣናት ክፉኛ ተጋጭተው ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር በወጣው አዋጅ የከተማ ቀበሌ ተቋቋመ። ቀበሌ መጀመሪያ የቤት ኪራይ ሰብሳቢና የሰፈር ዳኛ ነበር። ውሎ አድሮ የነዋሪውን ስም፣ ዕድሜ፣ የቤት ቁጥርና ጉርድ ፎቶግራፍ የያዘ መታወቂያ ሰጪ ሆነ። የመኳንንት ክብር የነበረው ፎቶግራፍ የሁሉም ሰው ግዴታ ሆነ ማለት ነው። ስኳርና ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ ለመግዛት፣ ልጅን ትምህርት ቤት ለማስገባት፣ ከከተማ ለመውጣት ሁሉ በቀበሌ በኩል ማለፍ የግድ ነበር።

መጋቢት 1969 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታላቅ አሰሳ መጣ። ቤት ለቤት መሣሪያና በራሪ ወረቀት፣ የጽሕፈት መኪናና ማባዣ ተፈለገ። ብዙ ቤተሰብ መጽሐፉንና ወረቀቱን ለእሳት ሰጠ። ከጓደኞች ጋር የተነሡት ፎቶግራፍ ማን ከማን ጋር እንደሚውል የሚናገር ነበርና እርሱም ቢሆን በቤት ማስቀመጡ አደገኛ ነበር። ቀይ ሽብር ሲፋፋም ደግሞ በየቀበሌውና በየመሥሪያ ቤቱ “ማጋለጥ” የሚባል ስብሰባ ተጀመረ። ሰው ተሰብስቦ ይቀመጣል፤ ራሱን እስኪያጋልጥ፣ ሌላውንም እስኪጠቁም አይለቀቅም። ልብ ይበሉ፤ ይህ ማርክሳዊ ስም የወጣለት አውጫጭኝ ነው። ደርግ ያደረገው ሁለቱን ማጋባት ነው፤ የበርቲዮንን ካርድና የአያቶቻችንን አውጫጭኝ። ካርዱ ሰውን በቦታው ያስረዋል፤ ጎረቤት ይጠቁመዋል። አውሮፓ ፎቶግራፍ ያስፈለጋት ጎረቤት የማይተዋወቅባቸው ትልልቅ ከተሞች ስለነበሯት ነው። እኛ ጎረቤቱም ካርዱም በአንድ ጊዜ ነበሩን። አስከፊነቱም እዚህ ላይ ነው።

ለሸሸ ሰው የቡና አገር ሁለት ጠባይ ነበረው። በለቀማ ወራት ከወላይታውም፣ ከከምባታውም፣ ከሌላውም አገር ሠራተኛ ይጎርፋል፤ እንግዳ ፊት ብርቅ አይደለም፤ ጫካው ጥቅጥቅ ነው። መንገዱ ግን ጠባብና ጥቂት ነው። ቡና የመንግሥት የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ስለነበረ ከቁጥጥር ውጭ እንዳይወጣ በየመንገዱ ኬላ ቆሞ ነበር። ያው ኬላ ጆንያውንም ሰዉንም ይፈትሻል፤ ለቡናው የማጓጓዣ ፈቃድ፣ ለሰዉ የይለፍ ወረቀት ይጠይቃል። ጫካው የደበቀውን መንገዱ ያጋልጠዋል። ዛሬም ከሚዛን ወደ ቴፒ ስንሄድ ኬላ ላይ የምናወጣው መታወቂያ የዚያ ዘመን ርስት ነው።

እንግዲህ የዚህ ሁሉ ካርድ መጨረሻው ምን ሆነ? በቀይ ሽብር የተገደሉት ሬሳቸው መንገድ ላይ ተጥሎ ውሏል፤ ወላጅ ማልቀስ ተከልክሏል፤ ለተገደለ ልጁ የጥይት ዋጋ የተጠየቀም ነበረ። ብዙዎቹ በጅምላ ጉድጓድ ተጣሉ። ለእናት መቃብር አልተረፋትም። የተረፋት ነገር ቢኖር ለትምህርት ቤት ወይም ለመታወቂያ የተነሣው ጉርድ ፎቶግራፍ ነው። በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ አጠገብ የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የጎበኘ ሰው ግድግዳውን ያስታውሳል። ከነዚያ ፊቶች ብዙዎቹ ለመታወቂያ እንደሚነሡት ዓይነት ፊት ለፊት፣ ቀጥ ብለው፣ ሳይስቁ የተነሡ ናቸው። መንግሥት ዜጋውን ለመቆጣጠር ያስነሣው ሥዕል በእናት እጅ የልጇ መቃብር ሆነ፤ በሙዚየሙ ግድግዳ ላይ ደግሞ ምስክር።

ገዳዮቹንም የያዛቸው ያው የመመዝገብ ልማድ ነው። በአዋጅ ቁጥር 22/1984 የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ በደርግ መሥሪያ ቤቶች ያገኘው “እርምጃ ይወሰድበት” እና “እርምጃ ተወስዶበታል” የሚሉ፣ ፊርማና ማኅተም ያረፈባቸው ወረቀቶችን ነው። በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. የተጀመረው ዋናው ችሎት በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱንና ባልደረቦቻቸውን በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ብሎ ደመደመ። አንዳንዶቹ ግን ስማቸውን ለውጠው ውቅያኖስ ተሻገሩ። በአዲስ አበባ የከፍተኛ 15 እስር ቤት ጠባቂ የነበረ አንድ ሰው በሌላ ሰው ስም የአሜሪካ ዜግነት አግኝቶ በዴንቨር ይኖር ነበር። ያ ሁሉ ፎቶግራፍና የጣት አሻራ ያለው መንግሥት አላወቀውም። እ.ኤ.አ. በ2011 ያወቀው፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ፊት ለፊት ያጋጠመው የቀድሞ እስረኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የ22 ዓመት እስራት ተፈረደበት። የተጎዳ ሰው ትውስታ ያለ ካሜራ ሠራ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ዛሬም ፊታችንን እያስመዘገብን ስለሆነ ነው። “ፋይዳ” የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል፤ የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል ይወስዳል። ለብዙ ዓመታት በቀበሌ መታወቂያ ላይ ይጻፍ የነበረውን “ብሔር” የሚል መስመር አልያዘም፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ያ መስመር በሰላም ቀን ተራ ቃል ነው፤ በክፉ ቀን ምን ሊሆን እንደሚችል ለማሰብ ሩቅ መሄድ አያሻም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ከሚዛን ብዙም በማይርቀው በጉራ ፈርዳ ሰላማዊ ሰዎች በማንነታቸው ተገድለዋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል። ሕጉ መልካም ነው።

መታወቂያ አያስፈልግም የሚል ክርክር የለኝም። የባንክ ሒሳብ ለመክፈት፣ ውርስ ለማስመስከር፣ ድሀ ሰው መብቱን ለመጠየቅ “እኔ እገሌ ነኝ” የሚልበት ወረቀት ያስፈልገዋል። ታሪኩ የሚያስተምረን ግን አንድ ነገር ነው። መዝገብ ከከፈተው መንግሥት በላይ ዕድሜ አለው። ክሪስፒ ወደቀ፤ መዝገቡ ለሙሶሊኒ ተረፈ። ዛሬ መዝገቡን የያዘውን እጅ ማመን አለማመን የየግላችን ጉዳይ ነው። መጠየቅ ያለብን ከእርሱ በኋላ የሚመጣውን፣ ስሙን እንኳ የማናውቀውን እጅ ምን ይይዘዋል የሚለውን ነው። ማን መዝገቡን ሊያይ ይችላል? በማን ትእዛዝ? ያለ ትእዛዝ ላየውስ ተጠያቂው ማን ነው? ይህን ጥያቄ ፎቶግራፉን ከመነሣታችን በፊት ካልጠየቅን፣ ኬላው ላይ ተሰልፈን ልንጠይቀው አንችልም።

ቸር ይግጠመን።